መምህርት የትነበርሽ ዝም ያለችበት ደን

የአዘዞ ሰው መምህርት የትነበርሽን ከፊቷ ይልቅ በድምፅዋ ያውቃታል። ሃያ አራት ዓመት ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ ሰባ አራት ልጅ ተጨናንቆ ሲቀመጥ፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ለሚያንቀላፋው ሳይቀር የማባዛት ሠንጠረዡ ጥርት ብሎ ይደርሰው ነበር። አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ያ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የማኪና ቸርኬ፣ በሌባ ተወሰደ። ሌላ እስኪገኝ ሁለት ወር ሙሉ የዕረፍት ሰዓት ማለቁን የምታሳውቀው እሷ ነበረች። ደረጃው ላይ ወጥታ አንዴ «ክፍል ግቡ» ካለች ከአጥሩ ማዶ ያሉ ባለሱቆች ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ እየተባለ ይቀለድ ነበር።

የተወለደችው ደንቢያ ውስጥ፣ ከኮላ ድባ ብዙም ሳይርቅ ነው። አባቷ ከማሳው ማዶ ያለን ሰው የሚጠሩት ካሉበት ሳይነቃነቁ ስለነበር ድምፅዋ የአባቷ ነው ይላሉ ዘመዶቿ። እሷም ትኮራበታለች። ቤቷ ውስጥም የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። ባሏ ጌትነት በማዘጋጃ ቤት መሬት የሚለካ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አንድያ ልጃቸው እስከዳር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትማራለች። ትምህርቱን የመረጠችላት እናቷ ናት።

ድምፅዋ መሻከር የጀመረው መስከረም ላይ ነበር። ጉንፋን ነው አለች። ዝንጅብል በማር ጠጣች፤ ዳማከሴ አሽታ አሸተተች። ኅዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ያሉት ክፍለ ጊዜዎች ሲደርሱ ቃሉ ግማሽ ላይ ይቆረጥባት ጀመር። እሷ ደግሞ ድምፅዋ በቀነሰ ቁጥር ይበልጥ ትጮኻለች። እንቅልፍም ራቃት። ከሥራ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ እንኳ የክፍሉ ጫጫታ ጆሮዋ ውስጥ አይቆምም። ራስ ምታቱ ሲበዛባት ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ግፊቷ ከፍ ማለቱ ተነገራት፤ እንክብሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ጠመኔዋ ተመለሰች።

የካቲት መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የክፍልፋይ ትምህርት ልትጀምር አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። አየር ብቻ ነው የወጣው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ሁሉም ዝም አሉ። ሃያ አራት ዓመት ስትለምነው የኖረችው ጸጥታ ያን ቀን ሲመጣ አስደነገጣት። ጠመኔውን አስቀምጣ ወጣች። ጎረቤት ክፍል የምታስተምረው ጓደኛዋ ነጃት በመስኮት አይታት ኖሮ ተከትላት መጣች። ምን እንደሆነች ብትጠይቃት የትነበርሽ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር መመለስ አልቻለችም።

የጉሮሮ ሐኪሙ ወጣት ነበር። ጫፉ ላይ መብራት ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገብቶ ያየውን በስክሪን አሳያት። ሁለቱ የድምፅ አውታሮቿ ላይ፣ ትይዩ ሆነው፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች በቅለዋል።

«ለስምንት ሳምንት አንድም ቃል አይናገሩም» አላት። «ሹክሹክታም ቢሆን። ሹክሹክታ እንዲያውም ይብሳል፤ ያፋትገዋል። ከዚያ በኋላ እናያለን። ካልቀነሰ ቀዶ ጥገና ነው፤ ቢቀንስ ግን እንደ ድሮው መጮኽ የለም።»

ዐቢይ ጾም የገባው በዚያው ሳምንት ስለነበር ጌትነት የዘንድሮው ጾምሽ ከሁላችንም ከበደ ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ ለቅሶውንም ያለ ድምፅ ማልቀስ ነበረባት።

ጎንደር ውስጥ ዝም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እንዴት አደርሽ ብሎ የጀመረ ሰው ስለ ባልሽ፣ ስለ ልጅሽ፣ ስለ ሥራሽ ጠይቆ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ከአፍሽ ሳይሰማ አይለቅሽም። የትነበርሽ አንዲት ትንሽ ደብተር ገዝታ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ «ሐኪም እንዳልናገር ከልክሎኛል፤ ደህና ነኝ» ብላ ጻፈች። ደብተሩ የጠበቀችውን ያህል አልረዳትም። ያነበበው ሰው ጆሮዋም የታመመ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያናግራታል። የሰፈሩ ባለሱቅ ጭራሽ ብዕሯን ተቀብሎ መልሱን ይጽፍላት ጀመር። አንዳንዱ ስእለት ነው አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ።

የከበደው ግን የለቅሶው ነገር ነው። በእድራቸው ውስጥ ያሉ አንድ አባት ሞተው ድንኳን ገባች። የሟች ባለቤት ዓይነ ስውር ናቸው። እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ «እግዜር ያጥናዎ» ማለት አልቻለችም፤ ደብተሯም ለእሳቸው ምንም አይደለም። አሮጊቷ ማን እንደሆነች ደጋግመው ጠየቁ። አጠገባቸው የነበረች ዘመዳቸው ስትነግራቸው እጃቸውን ቀስ አድርገው ከእጇ አወጡ። ለሰባ ልጅ የሚበቃ ድምፅ ያላት ሴት ለእኔ ባል አንድ ቃል ነፈገች ብለው ማዘናቸውን በኋላ ሰማች። ጌትነት ሄዶ ቢያስረዳም እሷ ከዚያ ወዲያ ከቤት መውጣት ፈራች። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታ፣ በጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸውን ክፍል ታዳምጣለች።

በሦስተኛው ሳምንት የሕክምና ፈቃዷን ወረቀት ፒያሳ አካባቢ ላለ ቢሮ ማድረስ ነበረባት። አድርሳ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ደረሳት። ሰፈሯ ሲቃረብ ወራጅ መኖሩን መናገር እንዳለባት ያኔ ነው ትዝ ያላት። የማኪናውን ጣሪያ በጣቷ አንኳኳች፤ ዘፈኑ ከፍ ብሎ ስለተከፈተ ረዳቱ አልሰማም። አጠገቧ ያለው ሰውዬ በስልኩ ላይ ነው። ትከሻውን ነካ ብታደርገው ቦታ የጠበባት መስሎት ተጠጋላት። ሰፈሯ አለፈ። የአውሮፕላን ማረፊያው መገንጠያም አለፈ። በመጨረሻው ፌርማታ ሁሉም ሲወርድ እሷም ወረደች።

መንገዱ ዳር ቆማ ወደ ኋላ አየች። ለመመለስ በዚያ ሁሉ ሱቅ፣ በዚያ ሁሉ ሰላምታ መካከል ማለፍ ሊኖርባት ነው። ከፌርማታው በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ዙሪያዋን ጥቁር አረንጓዴ ደን ከቧታል። የትነበርሽ ቦታዋን የምታውቀው በዓመት አንዴ ለንግሥ ነው። ያን ቀን ሰው በሰው ላይ ስለሆነ ዛፉን ያየ የለም። የሚያናግራት እንደማይኖር አስባ ብቻ ዳገቱን ወጣች።

የበሩን መቃን ተሳልማ ገባች። ከውጭ ያለው ፀሐይ ግንባር ይበሳ ነበር፤ ከጥዶቹ ሥር ግን ያልሞቀ፣ ሙጫ ሙጫ የሚሸት አየር አገኛት። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሁለት ሴቶች፣ ሱባኤ የያዙ፣ በአጠገቧ ሲያልፉ ቃል ሳይተነፍሱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። እሷም ዝቅ አለች። በቃ። ማንም ምንም አልጠበቀባትም። ግንዱ የተጠማዘዘ አሮጌ ወይራ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ከላይ ነፋሱ ሲያልፍ ጥዱ አንድ ዓይነት፣ ወይራው ሌላ ዓይነት ድምፅ አለው። ይህን ልዩነት እያዳመጠች ሳለ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ስትነቃ አንድ ሽማግሌ ጥቂት ራቅ ብለው በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ካቦርታቸው እጅጌው ላይ ተጣጥፏል፤ እግራቸው ላይ የጎማ ጫማ አለ።

«ምነው ነቃሽ፣ እታለም? ተኚ እንጂ» አሏት። «ጦጣ ቦርሳሽን እንዳይነጥቅሽ ቆሜ ነው። ባለፈው ጊዜ የአንዲቱን መነጽር ከነዳቦዋ ይዞባት ዛፍ ላይ ወጣ።»

ደብተሯን አውጥታ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየቻቸው። ፊደል እንዳልቆጠሩ ነገሯት። ጉሮሮዋን፣ ቀጥላም አፏን በእጇ እያመለከተች እንደማትናገር አሳየቻቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ከአጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የሚመልስልኝማ ሞልቷል። ዝም ብሎ የሚሰማኝ ነው ያጣሁት።»

ስማቸው አያ ውዱ ነው። ከወገራ ደጋ ወርደው የዚህ ደን ጠባቂ ከሆኑ ዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በደኑ ጠርዝ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያን ቀን ይህን ሁሉ ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ስትወጣም ነገ ውኃ የሚይዝ ዕቃ ይዘሽ ነይ አሏት፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም።

በማግሥቱ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዛ ሄደች። አያ ውዱ በዛፎቹ መካከል ወሰዷትና መሬቱን እንድታይ ነገሯት። መጀመሪያ ምን እንደምታይ አላወቀችም። ትልልቆቹ ጥዶች፣ ወይራዎች፣ ሐምራዊ አበባውን መሬት ላይ ያራገፈ ብርብራ አሉ። ከሥራቸው ግን ባዶ ነው።

«ሽማግሌ ብቻ የቀረበት አገር ነው የሆነው» አሏት። «ፍሬው ይወድቃል፤ ይበቅላልም። ፍየል ገብቶ ይቀነጥሰዋል፤ የሰው እግርም ይረግጠዋል። እኒህ ትልልቆቹ ሲወድቁ ማን ይተካል? እኔ እንግዲህ በመንገዱ ላይ የበቀለውን እየነቀልሁ ወዲያ በእሾህ አጥር ውስጥ እተክለዋለሁ። ውኃ ማመላለሱን ግን ጉልበቴ እንቢ አለኝ።»

ምንጩ ከዳገቱ ሥር ነው። የትነበርሽ በመጀመሪያው ቀን ጀሪካኑን ግማሽ ሞልታ ሦስት ጊዜ አርፋ ወጣች። ልቧ ደረቷን ይደበድበው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ አንዴ ብቻ አርፋ፣ ከዚያ ሞልታ ወጣች። ችግኞቹ ከጣት የማይረዝሙ ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ኩባያ፣ ሥሩ ላይ ቀስ እየተባለ። አያ ውዱ ብዙ የሚያወሩበት ቀን አለ፤ ምንም የማይናገሩበት ቀንም አለ። ሥራው ሲያልቅ ወይራው ሥር ትቀመጣለች። መንገድ ተዘግቶ ማኪና ያልወጣ ዕለት እንኳ በውስጥ ለውስጥ መንገድ በእግሯ ሄዳለች።

ለሰው ማብራሪያ ስትጽፍበት የነበረው ደብተር ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ይጻፍበት ጀመር። የሒሳብ መምህርት ናትና መቁጠር ትወዳለች፤ ዛሬ ሰባት ዓይነት የወፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ግንደ ቆርቁሩ አራት ጊዜ መትቶ ያርፋል፤ ደረቅ ቅጠል ጥላ ውስጥና ፀሐይ ላይ ሲረገጥ ድምፁ ይለያያል። አንድ ቀን እየጻፈች ሳለ ብዕሯን አቆመች። ጆሮዋ ውስጥ የነበረው የክፍል ጫጫታ የለም። መቼ እንደሄደ አላወቀችም። ያን ሳምንት ሌሊቱን ሳትነቃ ማደር ጀመረች፤ ጤና ጣቢያም ስትለካ ግፊቷ ወርዶ ስላገኘችው ነርሷ ደግማ ለካች። መድኃኒቷን በሰዓቱ መዋጥ ስለጀመረች ነው ወይስ ዳገቱን ስለወጣች፣ ወይም ሁለቱም፣ ማንም አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም።

ሌላም ነገር መስማት ጀመረች። ባሏ ጠዋት ጫማውን ሲያስር የልጅነቱን የአገር ቤት ዜማ በአፍንጫው እንደሚያንጎራጉር ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ አታውቅም ነበር።

በመጋቢት አጋማሽ አንድ ጠዋት ለመውጣት ስትዘጋጅ እስከዳር ጀሪካኑን ከእጇ ተቀበለቻት። አብሬሽ ልሂድ አለቻት። የትነበርሽ ደስ ብሏት አብረው ሄዱ፤ ውኃውን ቀድተው ዳገቱን አጋመሱ። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላትና ደብተሯን አወጣች። «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ረቡዕ ላቦራቶሪ አለሽ» ብላ ጻፈች።

እስከዳር አነበበችው። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከታኅሣሥ ጀምሮ ክፍል ገብታ እንደማታውቅ፣ ነጭ ጋዋኗን ቦርሳ ውስጥ ከትታ በየጠዋቱ እየወጣች ቀኑን ጓደኛዋ መኝታ ክፍል ተኝታ እንደምትውል፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሁለት ትምህርት መውደቋን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረቻት።

የትነበርሽ ተቆጣች። አፏ ተከፍቶ ነበር። ዘጋችው። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጻፈች።

«ልነግርሽ ሞክሬያለሁ፣ እማዬ» አለች እስከዳር። «ሁለት ጊዜ። ስጀምር አንቺ መልሱን ትጀምሪያለሽ። ሳልጨርስ ትጨርሽልኛለሽ።»

የትነበርሽ ልትከራከር ፈለገች፤ ለመከራከር ደግሞ መጻፍ አለባት፤ ለመጻፍ ማሰብ አለባት። ስታስብ ልጇ እውነቷን ነው። ጀሪካኑን አንሥታ መንገዱን ቀጠለች፤ እስከዳርም ተከተለቻት። ችግኞቹን በሙሉ፣ አንድም ሳይዘሉ አጠጡ። ሲጨርሱ የትነበርሽ ወይራው ሥር ተቀምጣ አጠገቧ ያለውን መሬት በእጇ መታ መታ አደረገች። ልጅቷ ስትቀመጥ ደብተሩን ጭኗ ላይ አኖረችላት። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ይላል።

እስከዳር እስከ ቅዳሴ መግቢያ ድረስ አወራች። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ይህ ትንሽ ጊዜ አይደለም። ፋርማሲን ከመጀመሪያውም እንዳልወደደችው፣ በኮላ ድባ የአጎቷ ላም ታማ የእንስሳት ሐኪሙ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ጥጃዋን ሲያወጣ ያየችበት ቀን ከልቧ እንዳልወጣ፣ ይህን ለማንም ተናግራ እንደማታውቅ። እናቷ የምታደርገው ነገር ስላልነበራት ሰማች። መሐል ላይ እጇን ያዘቻት። አያ ውዱ ከሩቅ አይተዋቸው መንገዳቸውን ቀይረው ሄዱ።

ሰሞነ ሕማማት ገባ። መሳሳሙና መጨባበጡ ስለተከለከለ ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ መሄድ ቀለላት፤ ሰው ሁሉ በመጠኑ እሷን መሰለ። ረቡዕ ጠዋት ደኑ ስትደርስ ግን የእሾህ አጥሩ በአንድ በኩል ወድቋል። ፍየሎች አድረውበት ነበር። ከሠላሳ አንዱ ችግኝ የተረፈው ዐሥራ ሁለት ነው። አያ ውዱ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩአትም። እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

ሰው ሲያዝን የሚባለው ሁሉ በአእምሮዋ መጣ፤ አይዞዎ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይተካል። መናገር ብትችል ኖሮ ሁሉንም በላይ በላዩ ትል ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች። ፀሐይ ከአንድ ግንድ ወደ ሌላው እስክትሻገር አብረው ተቀመጡ። በኋላ ሽማግሌው ተነሥተው የወደቀውን እሾህ ይሰበስቡ ጀመር። እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ተነሣች። ቅዳሜ ሹር ጌትነት የማዘጋጃ ቤት መለኪያ ገመዱንና የአሮጌ አጥር ሽቦ ይዞ መጣ፤ ልክ የቤት ቦታ የሚቀይስ ይመስል ካስማ ተክሎ ዙሪያውን አጠረው። አያ ውዱ ሥራውን አይተው ይህስ ሸጋ ሰው ነው አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ጋ ሄደች። ቱቦውን አስገብቶ አየ። የቀኙ እባጭ ጠፍቷል፤ የግራው ከሩብ በታች ቀርቷል። ቀዶ ጥገና ለጊዜው እንደማያስፈልግ ነገራት። በቀን ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ቀስ እያለች እንድትናገር ፈቀደላት። የመጀመሪያ ቃሏ «አመሰግናለሁ» ነበር። የወጣው ድምፅ የእሷ አልመሰላትም፤ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ የማታውቃት ሴት ድምፅ ነው። ቤት ስትገባ እስከዳርንና ጌትነትን በስማቸው ጠራቻቸው። ጌትነት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አራት ቀን ቆይታ ወደ ደኑ ወጣች። አያ ውዱ አጥሩ ውስጥ ሆነው አዲስ ያዛወሯትን የጥድ ችግኝ አፈር ያለብሳሉ። አጠገባቸው ቆመች። ስሟን እንኳ እስከ ዛሬ አያውቁም።

«የትነበርሽ» አለች።

ሽማግሌው ቀና አሉ። መናገሯ ያስደነቃቸው ቢሆንም ፊታቸው ላይ ቅር የተሰኘ ሰው ነገር አለ።

«ይኼንንማ እኔ ነኝ እንጂ የምጠይቅሽ» አሏት። «አራት ቀን የጠፋሽው አንቺ።»

የትነበርሽ ስሟ መሆኑን ልታስረዳ ብላ ሳቅ ቀደማት። ሐኪሙ ስለ ሳቅ ምንም ስላላላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ነገሩ ሲገባቸው አያ ውዱም ዱላቸውን ጥለው ተቀመጡና ዓይናቸውን በካቦርታቸው እጅጌ እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ስሟን ስለማያውቁ በልባቸው «ዝምተኛዋ» ሲሏት እንደከረሙ ነገሯት። ሁለት ወር ሙሉ የትምህርት ቤት ደወል ሆና ማገልገሏን ስትነግራቸው አላመኗትም።

ሁሉ ነገር እንደ ድሮው አልተመለሰም። ሰባ አራት ልጅ ካለበት ክፍል ፊት መቆም ከእንግዲህ አትችልም። ርእሰ መምህሩ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊነት ሰጣት፤ ማንበብ ያቃታቸውን የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ስምንት ስምንት እያደረገች እንድታስጠናም መደባት። እንደ ተጣለች ቆጥራው አንድ ሳምንት አኮረፈች። ነጃት በዕረፍት ሰዓት እየመጣች ታባብላት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጆቹ ለመስማት ወንበራቸውን እየጎተቱ ይጠጉዋታል። ሲጠጉ ደግሞ የሚፈሩትን ፊደል ይነግሯታል። አንዷ ልጅ «ጨ»ንና «ጠ»ን ሦስት ዓመት ሙሉ ስታምታታ የኖረችው ለማንም ሳትናገር ነው። የትነበርሽ ልጅቷ እስክትጨርስ ድረስ ጠበቀቻት። መጠበቅ መቻሏን ራሷ ታዘበች።

እስከዳር ትምህርቷን ለአንድ ዓመት አቋረጠች፤ በዚያ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ለመማር አመልክታ በሁለተኛው ማመልከቻ ተፈቀደላት። ሰፈር ውስጥ ፋርማሲን ጥላ ላም ልታክም ነው ብለው የሳቁ አሉ። የትነበርሽ መልስ አልሰጠችም፤ አሁን ለሁሉም ነገር መልስ አትሰጥም። ያች ዓይነ ስውር አሮጊት ዘንድ ግን ራሷ ሄዳ «እግዜር ያጥናዎ» ብላቸው መጥታለች። አሮጊቷ ድምፅዋን አላወቁትም። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳሰሱና አጠገባቸው እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቁላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዛሬም ዳገቱን ትወጣለች። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ደህና ሲይዝ፣ ሃምሳ ያህል አዳዲስ ችግኝ ከጌትነት ጋር ሆነው ተከሉ። አያ ውዱ ጉልበታቸው ብሶባቸው ስለነበር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የት የት እንደሚቆፈር በዱላቸው ያመለክታሉ፤ ጌትነት በመስመር ሊተክል ሲል ዛፍ የቤት ቦታ አይደለም ብለው ተቆጡት። ከሕማማት የተረፉት ዐሥራ ሁለቱ ጉልበት ድረስ ደርሰዋል። ሥራው ሳያልቅ ዶፍ ወረደባቸውና ሦስቱም ትልቁ ጥድ ሥር ተጠለሉ። ከላይ ዝናቡ ይመታል፤ ታች የሚደርሰው ጠብታ ብቻ ነው።

ሲያባራ ባልና ሚስት ቁልቁል ወደ ፌርማታው ወረዱ። ጌትነት እግረ ፈጣን ነው፤ ሲሄድ ሁልጊዜ ይቀድማታል። በፊት ሲርቃት ከኋላ ሆና ትጠራው ነበር፤ ዳገቱ ሁሉ እስኪሰማ። ያን ቀን በሚያዳልጠው መንገድ ላይ ሲወርድ በየጥቂት እርምጃው ቆም እያለ ዞር ብሎ ያያታል። ድምፅሽ ይናፍቀኛል አላት አንድ ጊዜ እንደቆመ። እሷም እኔንም አለችው፤ እጇን ስትዘረጋለት ይዞ ጭቃውን አሻገራት።